ስለ መስመር ስብራት

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ቅኔ፣ ስለ ተረትና ስለ ቋንቋችን አጠባበቅ ሲጻፍ ማንበብ የተለመደ ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ግን በመጀመሪያ ሲታይ ከሥነ ጽሑፍ ወገን የሚቈጠር አይመስልም። ይኸውም አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚጫንበት ጊዜ፣ ጥቅሉን ያዘጋጀው ባለሙያ ለጫኚው ሰው የሚተወው አጭር ማሳሰቢያ ነው። ስለ ማሳሰቢያው ፍሬ ነገር ብቻ ሳይሆን በተለይ ስለ መስመሩ አሰዳደር፣ ማለት ቃላቱ በስንት ፊደል ስፋት እንደሚደረደሩ፣ መስመሩም በየት ስፍራ እንደሚሰበር ልናገር እወዳለሁ። ነገሩ ጥቃቅን ነው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህን ሥራ ከያዝሁ ብዙ ዓመት ስለ ሆነኝ፣ በአንዲት የመስመር ስብራት ምክንያት የሰው ድካም ከንቱ ሲሆን አይቻለሁና ዝም ማለት አልቻልሁም።

ሥራውን ለማያውቀው አንባቢ አስቀድሜ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ፕሮግራም ከደራሲው እጅ ወጥቶ ወደ ተጠቃሚው ኮምፒውተር ሲሄድ ብዙውን ጊዜ በመካከል አንድ ሌላ ባለሙያ አለ። እርሱም ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር በአንድነት ይጠቀልለዋል፤ የትኛው ፋይል በየትኛው ፎልደር እንዲቀመጥ፣ ከመጫኑ በፊትና በኋላም ምን እንዲደረግ የሚያዝዝ ስክሪፕት ይጽፍለታል። ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ይሁን እንጂ ጥቅል አዘጋጁ ምንም ያህል ብልህ ቢሆን ሁሉንም ነገር በስክሪፕቱ ሊጨርሰው አይችልም። አንዳንዱ ውሳኔ የባለቤቱ ነውና። የይለፍ ቃሉን ማን ይምረጥ? የቆየው መዝገብ ይጥፋ ወይስ ይቀመጥ? አገልግሎቱስ ዛሬ ይጀመር ወይስ ነገ? ስለዚህ አዘጋጁ በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ ትቶ ይሄዳል። ጸሐፊው ምናልባት ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው፤ አንባቢውን አያውቀውም። አንባቢውም ቀን ሥራ እንዳይስተጓጐል ሲል ሌሊቱን ከኮምፒውተር ፊት ያመሸ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለችው መልእክተኛ ያቺ ማሳሰቢያ ብቻ ናት።

ለምሳሌ ያህል ጄንቱ የተባለውን የሊኑክስ ስርጭት እወስዳለሁ። የጄንቱ ልዩ ጠባይ፣ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ የሚወርድ ሳይሆን፣ ከምንጩ ጽሑፍ በተጠቃሚው በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚገነባ መሆኑ ነው። በሚገነባበትም ጊዜ በሺህ የሚቈጠር መስመር በተርሚናሉ ላይ እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል። በዚያ ጎርፍ መካከል የተጣለችውን ማሳሰቢያ ማን ያነባታል? ይህን የተመለከቱት የጄንቱ ሰዎች ማሳሰቢያዎቹ ሁሉ ተሰብስበው፣ ግንባታው ካለቀ በኋላ በመጨረሻ እንዲታዩ አደረጉ። ይህም አልበቃቸው ብሎ ብዙ ጥቅሎች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ የስክሪፕት ክፍል አዘጋጁ፤ ስሙም ሪድሚ ጄንቱ ይባላል። ጥቅል አዘጋጁ ሊናገር የፈለገውን ቃል ዶክ ኮንቴንትስ በተባለ ስም ሥር ያስቀምጣል። ስክሪፕቱም ቃሉን ተቀብሎ ከጥቅሉ ሰነዶች ጋር በፋይል ያኖረዋል፤ ደግሞም ጥቅሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን በተርሚናሉ ላይ ያሳየዋል። ጥቅሉ በሌላ ጊዜ ሲታደስ ግን፣ አዘጋጁ በግድ ይታይ ካላለ በቀር፣ ማሳሰቢያውን አይደግመውም። ፋይሉ የት እንደሚገኝ በመጀመሪያው ቀን ነግሮታልና።

ይህን ልከኝነት በበኩሌ እጅግ አደንቃለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ዓመት ያለፈውን ማስታወቂያ ቆሞ የሚያነብ ሰው አይገኝም፤ ዓይን የለመደውን ነገር ሳያይ ያልፋልና። በየሳምንቱ የሚደጋገም ማሳሰቢያም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን አዲስ ነገር ቢጨመርበት እንኳ የሚያስተውለው አይኖርም።

አሁን ወደ መስመሩ ነገር ልምጣ። ይህ ስክሪፕት የተሰጠውን ቃል እንዳለ አያሳልፈውም። አዘጋጁ ለራሱ ዓይን እንዲያምር ብሎ ያስገባውን ትርፍ ባዶ ቦታና የመስመር መውረድ ሁሉ አስቀድሞ ያጠፋዋል፤ ቃላቱንም በአንዳንድ ባዶ ቦታ ብቻ አያይዞ አንድ ረጅም ክር ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ፎልድ የተባለውን የቆየ መሣሪያ ጠርቶ ክሩን በ70 ፊደል ስፋት ያጥፈዋል። ቃል ከመካከሉ እንዳይቈረጥም፣ መሣሪያው በባዶ ቦታ ላይ ብቻ እንዲሰብር ያዝዘዋል። በየመስመሩ መጨረሻ የተረፈውን ባዶ ቦታ ደግሞ ይጠርገዋል። አዘጋጁ አዲስ መስመር በፈለገ ጊዜ፣ ወደ ኋላ ያዘነበለች ስረዝና ኤን የተባለችውን የላቲን ፊደል አጣምሮ ይጽፋል፤ ከመጠረጉ የሚተርፈው የመስመር ምልክት ይኸው ብቻ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንዲት የተሰወረች ወጥመድ አለች። በትእዛዝ ቋንቋ የኮከብ ምልክት «በዚህ ፎልደር ያሉት ፋይሎች ሁሉ» ማለት ነው። አዘጋጁ በማሳሰቢያው ውስጥ ኮከብ ቢጽፍ፣ ስክሪፕቱም ቃሉን ያለ ትእምርተ ጥቅስ ቢያነብበው፣ ኮከቧ ትጠፋና በእርሷ ፈንታ የፋይል ስሞች ዝርዝር በዐረፍተ ነገሩ መካከል ይሰነቀራል። የጄንቱ ስክሪፕት ይህን አውቆ፣ ቃሉን ከማንበቡ በፊት የኮከብን ፍቺ ያግዳል፤ ካነበበ በኋላ የቀድሞውን ሁኔታ ይመልሳል። ይህች የጥቂት መስመር ጥንቃቄ ናት፤ ከተጠቃሚዎቹም ስለ እርሷ የሰማ ጥቂት ነው። እኔ ግን ያየኋት ቀን፣ ጽሑፉን ከማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ሌሊቱን ተቀምጦ የሚያርም ሰው ትዝ አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ ማሳሰቢያው ሁሉ ሊታጠፍ አይችልም። ስድ ንባብ የሆነ እንደ ሆነ መስመሩ በየትም ቢሰበር ትርጉሙ አይለወጥም፤ ስለዚህም ማሽን ቢሰድረው ግድ የለም። ግጥም የሆነ እንደ ሆነ ግን ቤቱ በሚመታበት ስፍራ ካልተሰበረ ግጥምነቱ ይቀራል። ለተርሚናል የሚጻፍ ትእዛዝም በዚህ ረገድ ከስድ ንባብ ይልቅ ለግጥም ይቀርባል፤ የመስመሩ መጨረሻ የትእዛዙ መጨረሻ ነውና። ስለዚህ የጄንቱ ስክሪፕት ዲሴብል አውቶፎርማቲንግ የተባለ አንድ ቍልፍ አለው። አዘጋጁ ይህን ቍልፍ ካነሣ ስክሪፕቱ እጁን ይሰበስባል፤ ቃሉንም አዘጋጁ እንደ ጻፈው፣ ከነባዶ ቦታውና ከነመስመሩ ይተወዋል። እንግዲህ ጥያቄው ሁሉ ቍልፉን መቼ ማንሣት ይገባል የሚለው ነው።

ስፋቱ ለምን 70 ሆነ ቢባል፣ ተርሚናሉ በልማድ 80 ፊደል ስፋት ስላለውና፣ ማሳሰቢያው ሲታይ በየመስመሩ መነሻ አንድ ምልክት ስለሚጨመርበት፣ በዳርም ጥቂት ትርፍ ስለሚያስፈልገው ይመስለኛል። 80 የተባለው ቍጥር ደግሞ ከቴሌቪዥን መሰሉ ስክሪን በፊት የነበረ ነው። አይ ቢ ኤም የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣው የሚበሳ ካርቶን ላይ በአንድ ካርቶን 80 ዓምድ ነበረ። ካርቶኑ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ልኩ ግን እነሆ ዛሬም በስክሪን ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውና ብዙዎች የኋላ ተርሚናሎች የመሰሉት ቪቲ 100 የተባለው ተርሚናልም የተሠራው በ80 ዓምድና በ24 መስመር ነው።

በመግቢያዬ ላይ የጠቀስሁት የድካም ከንቱነት የደረሰው በአዲስ አበባ፣ ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ያ መሥሪያ ቤት የገቢና የወጪ መዝገቡን የሚይዝበት ፕሮግራም ነበረው፤ ፕሮግራሙን በጥቅል የሚያዘጋጅለትም የተቀጠረ ባለሙያ ነበር። ባለሙያው ከላይ የገለጽሁትን የማጠፍ ዘዴ ወዶት፣ በራሱ ስክሪፕት ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ አስገብቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር አዲስ እትም አዘጋጀና፣ ከመጫኑ በፊት ያለው መዝገብ ለጥንቃቄ እንዲቀዳ በማሳሰቢያው ጻፈ። የጻፈው ትእዛዝ በአንድ መስመር ሦስት ስም የያዘ ነበር፤ የ2015 መዝገብ፣ የ2016 መዝገብ፣ በመጨረሻም ሁለቱ ቅጂዎች የሚቀመጡበት ፎልደር። የየፋይሉ ስም ከነሙሉ መንገዱ ሲጻፍ ረጅም ስለ ነበረ መስመሩ ከ70 ፊደል አለፈ። ስክሪፕቱም እንደ ታዘዘው በባዶ ቦታ ላይ ሰበረው፤ ስብራቱም የዋለው ከሁለተኛው ስም በኋላ፣ ከሦስተኛው በፊት ነው።

አንባቢዬ የቅዳ ትእዛዝን ሕግ ቢያውቅ ወዲያው ይደነግጣል። ሕጉ «መጨረሻ ወደ ተጠራው ስፍራ ቅዳ» የሚል ነው። ሦስት ስም ሲሰጠው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፋይሎች ወደ ሦስተኛው ፎልደር ይቀዳል። ሁለት ስም ብቻ ሲሰጠው ግን የመጀመሪያውን ፋይል በሁለተኛው ላይ ይጽፍበታል፤ «በላዩ ልጻፍበትን?» ብሎም አይጠይቅም። ኮምፒውተሩን የሚጠብቀው ወጣት ሁለቱን መስመሮች እንዳያቸው ገልብጦ ሰጠ። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን መስመር በጸጥታ ፈጸመ፤ ስለ ሁለተኛው መስመር ብቻ፣ ይህ ፎልደር እንጂ ትእዛዝ አይደለም ብሎ አጕረመረመ። ወጣቱም ያጕረመረመበትን እንጂ ዝም ያለበትን አልጠረጠረም። በዚያች ቅጽበት የ2015 መዝገብ በ2016 መዝገብ ላይ ተጽፎበት ነበር።

በማግስቱ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ በዚያ ሥራ ያረጁ እመቤት፣ መዝገቡን ከፍተው ጥቂት ተመለከቱና ወጣቱን አስጠሩት።

«ልጄ፣ የዘንድሮው ወዴት ሄደ? ይህ እኮ ያምናው ነው» አሉት።

«እትዬ፣ እኔ እንደ ተጻፈው ነው ያደረግሁት» አለ።

እኔን የጠሩኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ማሳሰቢያውን በስክሪኑ ላይ አሳዩኝ፤ መልኩ ያምራል፤ ዳርና ዳሩ የተስተካከለ፣ በአንዱም መስመር ላይ ቃል ያልተቈረጠበት ነበር። ወጣቱ የተናገረው እውነት ነው፤ እንደ ተጻፈው አድርጓል። ጥቅል አዘጋጁም ቢጠየቅ እንደዚያው ይላል፤ በእርሱ ፋይል ውስጥ ትእዛዙ በአንድ መስመር እንዳለ ነውና። ሁለቱም ያልጻፉት ነገር በሁለቱ መካከል ተጽፎ ተገኘ። የሚያሳዝነው ደግሞ ትእዛዙ የተጻፈው መዝገቡ እንዳይጠፋ ተብሎ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀዳ ሌላ ቅጂ አልነበረም። እመቤቲቱ ከሁለት ጸሐፊዎች ጋር ሆነው የአራት ወር ደረሰኝ ከየካርቶኑ እያወጡ እንደ ገና መዘገቡ፤ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ከሌላው ሠራተኛ በኋላ ሲወጡ ይታዩ ነበር። ሦስት ደረሰኞች ጨርሶ አልተገኙም። የእነዚያ ገንዘብ ስንት እንደ ነበረ እመቤቲቱ ከራሳቸው ትዝታ ተናግረዋል፤ ነገር ግን ትዝታ በመዝገብ አይገባምና ቦታው ባዶውን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጉዳይ ሌሎች እንዴት እንደ ፈቱት መመርመር ጀመርሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት፣ ለጥቅሎቹ መግለጫ ያወጣው ደንብ ከሁሉ ይልቅ ማረከኝ። የመግለጫው የመጀመሪያ መስመር አጭር ስለ ጥቅሉ የሚናገር ነው፤ ከ80 ፊደል ማነስ አለበት። ከዚያ የሚቀጥለው ዝርዝር ግን እያንዳንዱ መስመር በባዶ ቦታ ይጀምራል፤ ምስጢሩም ያለው በባዶው ቦታ ብዛት ላይ ነው። መስመሩ በአንድ ባዶ ቦታ ከጀመረ ስድ ንባብ ነውና ማሽኑ እንደ ስክሪኑ ስፋት ሊያጥፈው ይችላል። በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ባዶ ቦታ ከጀመረ ግን እንደ ተጻፈው ይታያል። በአንቀጾች መካከል ባዶ መስመር ሲያስፈልግ ደግሞ ከአንድ ባዶ ቦታ በኋላ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ትቀመጣለች። በዚያ ፋይል እውነተኛ ባዶ መስመር የመዝገቡ ማብቂያ ምልክት ስለ ሆነ፣ ነጥቧ «ገና አልጨረስሁም» ለማለት የቆመች ዘብ ናት።

የዚህ ደንብ ብልኅነት ግልጽ ይመስለኛል። የጄንቱ ቍልፍ ማሳሰቢያውን በሙሉ ወይ ለማሽኑ ይሰጠዋል፣ ወይ በሙሉ ይነሣዋል። አዘጋጁ ለአንዲት ትእዛዝ ሲል ቍልፉን ካነሣ፣ የቀረውን አሥር መስመር ስድ ንባብ ሁሉ በእጁ መደርደር ግዴታ ይሆንበታል። የዴቢያን ደንብ ግን ፈቃዱን በየመስመሩ ይሰጣል። አንድ ባዶ ቦታ «ይህን እንደ ወደድህ አድርገው» ማለት ነው፤ ሁለት ባዶ ቦታ «ይህን እንዳትነካ» ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ የዴቢያን ደንብ የወጣው ከመጫኑ በፊት ለሚነበበው መግለጫ እንጂ ከመጫኑ በኋላ ለሚነገረው ማሳሰቢያ አይደለም፤ ለማሳሰቢያው ከሰነዶቹ ጋር የሚቀመጥ ሪድሚ ዴቢያን የተባለ ሌላ ፋይል አለው። ሐሳቡ ግን ለማንኛውም ጽሑፍ ይሆናል። እኔም በማዘጋጃቸው ስክሪፕቶች ሁሉ ይህንኑ ተውሼዋለሁ።

ነገሩን እያሰላሰልሁ ሳለ የራሳችን ቁም ጸሐፊዎች ትዝ አሉኝ። በብራና ላይ ሲጽፉ አስቀድመው ገጹን በወስፌ ይወጉና በተወጋው ልክ መስመር ያሰምራሉ፤ ጽሑፉም በዓምድ ይከፈላል። የዓምዱ ስፋት ከተወሰነ በኋላ ጸሐፊው ቃሉ የትም ላይ ቢያልቅበት አይጨነቅም። ሦስት ፊደል ያለው ቃል ሆኖ ሁለቱ በዚህ መስመር፣ አንዱ በሚቀጥለው ቢውል፣ እንደ ፈረንጆቹ የማያያዣ ሰረዝ እንኳ ሳያደርግ ይቀጥላል። አንባቢውም አይሳሳትም። ለምን ቢባል፣ የቃሉን መጨረሻ የሚነግረው የመስመሩ መጨረሻ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ነው። ሁለት ነጥብ እስካልታየ ድረስ ቃሉ አላለቀም፤ መስመር መውረዱ ከቦታ ማነስ የመጣ እንጂ ትርጉም ያለው ነገር አይደለም።

እኛ ግን ሁለት ነጥብን ትተን በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ማድረግ ከለመድን ወዲህ ይህ ነጻነት ቀርቷል። ባዶ ቦታ በመስመር መጨረሻ ላይ አይታይምና፣ የመስመሩ መጨረሻ ራሱ እንደ ቃል መለያ መቈጠር ግድ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ቃል ከመካከሉ ተከፍሎ ወደ ሚቀጥለው መስመር ቢወርድ አንባቢው ሁለት ቃል ነው ብሎ ያነበዋል። ከላይ የተናገርሁት የመሥሪያ ቤቱ ጥፋት በሌላ መልኩ የዚሁ ወንድም ነው። በተርሚናልም የትእዛዙ ማብቂያ ራሱን የቻለ የሚታይ ምልክት ስለሌለው፣ መስመር መውረድ ብቻውን «እነሆ ጨረስሁ፤ ፈጽም» ማለት ሆነ። ቁም ጸሐፊው በዓይን የሚታይ ምልክት ነበረው፤ የእኛ ዘመን ጸሐፊ ያለው የማይታይ ነው።

አንባቢ እንዲህ ከሆነ ማሳሰቢያውን በሁለት ነጥብ ብንጽፈው አይሻልምን ይል ይሆናል። ለሙከራ ያህል አድርጌው ነበር፤ ውጤቱ አሳቀኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0ኛው እትም ነው። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ፣ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሁለት ነጥብም እንዲሁ ሦስት ባይት ነው። በሊኑክስ ላይ የተለመደው የፎልድ መሣሪያ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የሚቈጥረው ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነበር። 70 ብለው ባዘዙት ጊዜ በላቲን 70 ፊደል ይሰጣል፤ በአማርኛ ግን ገና 23 ፊደል ሳይሞላ ወይም እንደ ሞላ መስመሩን ይሰብራል። ስክሪኑ ሁለት ሦስተኛው ባዶ ሆኖ፣ ጽሑፉ በግራ በኩል እንደ ቀጭን ዓምድ ይወርዳል።

ይህ እንኳ በባዶ ቦታ የተለየ አማርኛ ሲሆን ነው። በሁለት ነጥብ የተጻፈ እንደ ሆነ መከራው ይብሳል። መሣሪያው የሚያውቀው የላቲኑን ባዶ ቦታ ብቻ ስለ ሆነ፣ በሁለት ነጥብ የተያያዘው አንቀጽ ሁሉ ለእርሱ አንድ ረጅም ቃል ነው፤ መስበሪያ ሲያጣ በ70ኛው ባይት ላይ ይቈርጠዋል። 70 ደግሞ ለሦስት አይካፈልም። ሃያ ሦስት ፊደል 69 ባይት ነው፤ 70ኛው ባይት የሃያ አራተኛው ፊደል አንድ ሦስተኛ ነው። እንግዲህ የተቈረጠው ቃል ሳይሆን ፊደሉ ራሱ ነው! ሂሳቡን ቢከተሉት ከሦስት ስብራት ሁለቱ ፊደል ይከፍላሉ፤ ሦስተኛው ብቻ በአጋጣሚ በትክክል ያርፋል። በተከፈለው ፊደል ስፍራ በጥቁር አልማዝ ውስጥ የተቀመጠ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። ቁም ጸሐፊ ቃልን ይከፍል ነበር፤ «መ»ን ለሁለት የከፈለ ጸሐፊ ግን በታሪክ አልሰማሁም።

ጥፋቱ የሁለት ነጥብ አይደለም። የዩኒኮድ የመስመር ሕግ ከሁለት ነጥብ በኋላ መስመር መሰበር እንደሚችል በግልጽ ደንግጓል፤ ይህን ሕግ የሚያውቅ ፕሮግራም በትክክል ይሰብራል። ችግሩ የቆዩት መሣሪያዎች ከዚያ ሕግ በፊት የተወለዱ፣ የላቲንን ፊደል ብቻ በማሰብ የተቀረጹ መሆናቸው ነው። እኔም ለጊዜው በአማርኛ የምጽፈውን ማሳሰቢያ በባዶ ቦታ ለይቼ፣ ማጠፉን አግጄ፣ መስመሩን በእጄ እደረድራለሁ። የመስመሩንም ልክ ወደ 45 ፊደል አወርደዋለሁ፤ ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ስለሚሰጥ «ሠ»ንና «ጨ»ን የመሰሉት ሰፋፊ ፊደሎች ተጨናንቀው ሲደረደሩ ረጅም መስመር ዓይን ያደክማልና።

የቋንቋውም ነገር ቢሆን ቀላል አይደለም። የእንግሊዝኛው ማሳሰቢያ አንባቢውን በትእዛዝ አንቀጽ ሲያዝዘው ወንድ ይሁን ሴት፣ ሹም ይሁን ተላላኪ አይለይም። በአማርኛ «ጻፍ» ብንል ሴቲቱን እናስቀራለን፤ «ጻፊ» ብንል ወንዱን። «ይጻፉ» ያልን እንደ ሆነ ግን ለሁሉም ይሆናል፤ በእኩለ ሌሊት ደክሞት ለተቀመጠው ሰውም ክብር ነው። በመስመር ላይ አንድ ሁለት ፊደል ቢጨምርም ልጨምረው እወዳለሁ።

በዚያ መሥሪያ ቤት ያለውን ማሳሰቢያ እኔ እንደ ገና እንድጽፈው ተጠይቄ ጽፌዋለሁ። ርዝመቱ ዘጠኝ መስመር ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች ምን እንደሚደረግና ለምን እንደሚደረግ ይናገራሉ፤ አምስተኛው ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ትእዛዞች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር፣ ከዳር አራት ባዶ ቦታ ገባ ብለው ተቀምጠዋል። አንደኛው ወደ መዝገቡ ፎልደር ያስገባል፤ ሁለተኛው የ2015ን ይቀዳል፤ ሦስተኛው የዘንድሮውን ይቀዳል። በመጀመሪያው ትእዛዝ ወደ ፎልደሩ ስለ ተገባ የፋይሉን ሙሉ መንገድ መጻፍ አላስፈለገም፤ ከሦስቱ አንዱም ከ40 ፊደል አያልፍም። የቅዳ ትእዛዙም በነባር ፋይል ላይ ከመጻፉ በፊት እንዲጠይቅ የሚያደርገው ምልክት ተጨምሮበታል። ዘጠነኛው መስመር ማሳሰቢያው በፋይል የሚገኝበትን ስፍራ ያመለክታል። ከማስረከቤ በፊት የተርሚናሉን መስኮት እስከ 50 ፊደል ድረስ አጥብቤ፣ ከዚያም መልሼ አስፍቼ አየሁት። ዘጠኙም መስመሮች በየቦታቸው ነበሩ።